የማሽኑ ትዝታ የሚቀመጥበት ቋት

በገጠሩ ክፍል የእጅ ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ የግብርና ምክር ወደ ገበሬው የሚደርስበት መንገድ በእጅጉ እየተለወጠ መምጣቱ ይታወቃል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተባለው የነፃ ስልክ መስመር ስለ አስተራረስ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ድምፅ በማሰማት ለብዙ ገበሬዎች ደርሷል። ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥያቄን በተራ ንግግር ተቀብሎ፣ ሐሳቡን አቀነባብሮ፣ እንደ ሰው መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል ረዳት ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፋርመር ቻት ብሎ የሰየመውን እንዲህ ያለ ረዳት በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በአገራችን ሥራ ላይ አውሎታል። የሥራው ባለቤቶች በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ በአራቱ አገሮች ከ15,000 በላይ ገበሬዎች እንደ ተጠቀሙበትና ከ300,000 በላይ ጥያቄዎች እንደ ተመለሱ ገልጸዋል።

እንዲህ ያለውን ረዳት ይዞ ወደ ገበሬ ማኅበር ወይም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚቀርብ ባለሙያ አንድ ነገር ማንሣቱ አይቀርም። ረዳቱ ትዝታ አለው፤ ዓምና የተነገረውን ዘንድሮ አይረሳም ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ትዝታው ያለው በማሽኑ ውስጥ አይደለም። ከማሽኑ ውጭ በተለየ ቋት ውስጥ ነው፤ ቋቱንም የሚጠብቀው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የማኅበር መሪዎች ይህን ሳይለዩ ስለ ማሽኑ ዋጋና ስለ ስልኩ ብዛት ብቻ ሲከራከሩ ዋናው ሀብት በሌላ በር ሊወጣ ይችላል።

ማሽኑ በራሱ ለምን አያስታውስም? ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ያቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ይህና ይህን የመሰሉት ማሽኖች ሁሉ ትምህርታቸውን የሚጨርሱት ወደ ሕዝብ ከመውጣታቸው በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው የሚነግራቸው ነገር በውስጣቸው አይቀረጽም። በአንድ ውይይት ላይ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተባለውን የሚያስታውሱ የሚመስሉት፣ አዲስ ጥያቄ በቀረበ ቁጥር ያለፈው ንግግር በሙሉ እንደገና አብሮ ስለሚሰጣቸው ነው። የሚሰጣቸውም ንግግር በልክ የተወሰነ ነው። ውይይቱ ሲዘጋና ሌላ ሲከፈት የፊተኛው ሁሉ እንዳልተነገረ ይሆናል። አንደበቱ የተባ፣ ብዙ ያነበበ፣ ነገር ግን ማታ የነገሩትን ጠዋት የማያውቅ ጸሐፊ ቀጥረናል እንደ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጸሐፊ ያለው መላ መዝገብ መስጠት ብቻ ነው።

መዝገቡን የመስጠቱ ሥራ ጎልቶ የታየው በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲን ከውጭ ካለ የመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት በነፃ አወጣ። ፕሮግራሙ ሰነዶችን ከቋቱ ፈልጎ ከማውጣት ሌላ፣ ከውይይቱ ጠቃሚ የሆነውን ቁራጭ ወስዶ እዚያው በማስቀመጥ ማሽኑ በሌላ ቀን እንዲያገኘው ያደርግ ነበር። ኩባንያው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ራሱ በቻትጂፒቲ ላይ የማስታወሻ አገልግሎት መሞከር ሲጀምር ተጠቃሚው የተያዘበትን እንዲያይና እንዲሰርዝ ፈቅዷል። ዛሬ ይህ አሠራር በየአገሩ የተለመደ ሆኗል።

ቋቱ ቬክተር የሚባል ዓይነት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ለገጠር ሰው ባዕድ አይደለም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቀያሾች የማሳውን ማዕዘን በሁለት ቁጥሮች መዝግበው እንደ ነበር ብዙ መሪዎች ያስታውሳሉ። ሁለቱን ቁጥሮች የያዘ ሰው የትኛው ማሳ ከየትኛው እንደሚዋሰን ቦታው ድረስ ሳይሄድ ያውቃል። እዚህም የሚደረገው ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚቀየሰው መሬት ሳይሆን የንግግር ትርጉም መሆኑ፣ ቁጥሮቹም ሁለት ሳይሆኑ እጅግ ብዙ መሆናቸው ነው። ኦፕንኤአይ በ2015 ዓ.ም. ያወጣው አንድ ቀያሽ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ 1,536 ቁጥሮች ይሰጥ ነበር። በትርጉም የሚቀራረቡ ዐረፍተ ነገሮች ቃላቸው ባይመሳሰልም ጎረቤት ሆነው ይቀመጣሉ። «ስንዴዬ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት አወጣ» ያለው ገበሬና «ቢጫ ዋግን ስለ መከላከል» የሚለው የምርምር ጽሑፍ እንዲህ ይገናኛሉ። ማሽኑም ጎረቤቶቹን አንብቦ መልሱን ያዘጋጃል።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በተዛወረ ቁጥር እርሱ ያወቀው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው ደግሞ ከሀ ይጀምራል። የትኛው ማሳ ውኃ ይተኛበታል፣ የትኛው ጎጥ ዓምና ተምች ገባበት የሚለው በቋት ተይዞ ቢቆይ ኖሮ ስንት ድካም በቀረ። በዚህ በኩል የሚቀርበውን ተስፋ የሚያጣጥል ሰው የገጠሩን ችግር ያላየ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቋቱ ውስጥ የገባው ነገር ሲበላሽ ነው። አንደኛው የብልሽት ምንጭ አቆራረጡ ነው። ረጅም ሰነድ ወደ ቋቱ የሚገባው ተቆራርጦ ነው። «በሄክታር 100 ኪሎ ይጨመር» የሚለው መስመር ለስንዴ ነው ከሚለው ርእስ ተለይቶ ከተቆረጠ፣ ማሽኑ ያንኑ ቁራጭ አንሥቶ ለጤፍም ለማሽላም ሊናገረው ይችላል። አፈላለጉም የራሱ እንከን አለው። ቋቱ ሲበዛ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁራጭ አይመረምርም። እንግዳ ሰው የአንድን ሰው ቤት ለማግኘት ከደጅ ደጅ እየጠየቀ እንደሚጠጋ ሁሉ፣ እርሱም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየዘለለ ይቀርባል። ይህም ይፈጥናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ትክክለኛውን ደጅ ያልፈዋል።

ከሁሉ የከፋው ጊዜ ያለፈበት እውነት ነው። ለዚህ ከአገራችን የስንዴ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን በሰፊው የተዘሩ የስንዴ ዝርያዎች አጠቃ። ገበሬው እነርሱን እየተወ ወደ ሌሎች ሲዞር በብዛት ከያዛቸው ዝርያዎች አንዱ ዲገሉ ነበር። ዲገሉ በ1997 ዓ.ም. የተለቀቀ ዝርያ ሲሆን ቢጫ ዋግንም፣ በዚያን ጊዜ ዓለምን ያሠጋ የነበረውን ኡጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ስለዚህ ዲገሉን ዝሩ የሚለው ምክር በጊዜው ትክክል ነበር። በ2006 ዓ.ም. መኸር ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዘር በባሌ ተነሣና ዲገሉን መታው። አንዳንዱ ማሳ ጭራሹን ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ።

አሁን ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. ስለ ዲገሉ የተጻፉት ማስታወሻዎች፣ የሥልጠና ጽሑፎችና የተቀዱ ንግግሮች ሁሉ በቋቱ ገብተዋል እንበል። አንድ ገበሬ «ዋግ የማይደፍረው ስንዴ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ በትርጉም ጎረቤት የሚሆነው የትኛው ነው? «ዲገሉ ዋግን ይቋቋማል» የሚለው ነው። 1,536ቱ ቁጥሮች የሚናገሩት መቀራረብን እንጂ ዘመንን አይደለም። የ2004 ዓ.ም. ምክርና የ2006 ዓ.ም. ጥፋት በቋቱ ውስጥ እኩል ይቀመጣሉ፤ እንዲያውም አሮጌው ምክር በብዛት ስለ ተጻፈ እርሱ ቀድሞ ይወጣል። ማሽኑም ያገኘውን በተጣራ አማርኛ፣ ያለ አንዳች ማወላወል ይናገራል። ያወላወለ መካሪ ቢያንስ ጠያቂውን ያስጠነቅቀው ነበር።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቀን፣ ቦታና የጻፈው ባለሥልጣን ወይም የምርምር ጣቢያ ተለጥፎለት ቢገባ፣ ፕሮግራሙ በቀን ሊያበጥረው ይችላል። የተሻረ ምክርም ተሻረ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ግን ይህን የሚያደርገው ማሽኑ አይደለም። ዘር እንደሚለቅም ሰው ተቀምጦ የሚለቅም ሰው ያስፈልገዋል። ትዝታ ያለው ረዳት ሲሸጥ የለቃሚው ደመወዝ በሒሳቡ ውስጥ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ መሪ ብዙ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። እነዚህ ቀያሽ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ትምህርታቸውን ያገኙት ከእንግሊዝኛና ከሌሎች ብዙ ጽሑፍ ካላቸው ቋንቋዎች ስለሆነ ለአማርኛ የሚሰጡት ልኬት ያን ያህል የጠራ አይደለም። ዋግ ለእኛ የስንዴ በሽታ ነው፤ ዋግ ኽምራ ደግሞ አገር ነው። ይህን በቅጡ ያልለየ ቀያሽ የበሽታውን ጥያቄ ወደ ዋግ ኽምራ ሰነዶች ሊመራው ይችላል። አንዱ ጸሐፊ በ«ኀ»፣ ሌላው በ«ሀ» የጻፈው ቃል ለእኛ አንድ ሲሆን ለፕሮግራሙ ሁለት ሊሆን ይችላል። የየአካባቢው የአረም፣ የተባይና የአፈር ስም ከተጨመረበት ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። ስለዚህ የአካባቢውን ስም ከመደበኛው ስም ጋር አጣምሮ ወደ ቋቱ ማስገባት ከማኅበሩ በስተቀር ማንም ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው።

ወደ ባለቤትነቱ እንምጣ። ገበሬው ረዳቱን ሲያነጋግር የሚናገረው ስለ ዋግ ብቻ አይደለም። ያለበትን ዕዳ፣ የጎተራውን ልክ፣ እህሉን መቼ ለመሸጥ እንዳሰበ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን የድንበር ክርክር ይናገራል። ይህ ሁሉ በቋቱ ይጠራቀማል። ከመኸር በፊት የአንድን ቀበሌ ገበሬዎች ዕዳና ችግር በእጁ የያዘ ነጋዴ ምን ዋጋ ይዞ እንደሚመጣ ለማኅበር መሪ ማስረዳት አያስፈልግም። «የተቀመጠው ቁጥር እንጂ ንግግር አይደለም፤ ማንም አያነበውም» የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጡት ጥናት ከቁጥሮቹ ተነሥተው አጫጭር ጽሑፎችን መልሰው ለማግኘት ሞክረው፣ ከመቶው 92ቱን ቃል በቃል አግኝተዋል። ቁጥሩ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ለገበሬው መከታ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንኛውም ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያውቅ፣ ስሕተት ካለ እንዲታረምለትና ሕጉ በሚፈቅደው ሁኔታ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ መብቱ በሥራ የሚውለው ቁራጩ የማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። ቁራጮቹ ያለ ስምና ያለ ምልክት ተደባልቀው ከገቡ፣ የአንድን ገበሬ ቃል ካልተቆጠረ ክምር ውስጥ ለይቶ ማውጣት ከእብቅ መርፌ መልቀም ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ቋቱ የት አገር፣ በማን ኮምፒዩተር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የገበሬውን የግል ጉዳይ የያዘው ክፍል ለሁሉ ከሚሆነው የግብርና ምክር ተለይቶ መያዙ በግልጽ መስፈር አለበት። ውሉ ሲቋረጥም ማኅበሩ የሚረከበው ቁጥሮቹን ሳይሆን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከነቀኑና ከነቦታው መሆን ይኖርበታል። በአንድ ቀያሽ ፕሮግራም የተለካው ቁጥር ለሌላው ቀያሽ ትርጉም የለውም፤ ጽሑፉ እስካለ ግን ማንኛውም አዲስ ማሽን እንደገና ሊለካው ይችላል። በዚህ የተነሣ የማኅበሩ ጸሐፊ በእጁ የሚይዘው የወረቀት መዝገብ ዋጋው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የቋቱ እናት እርሱ ነው።

ከመፈረም በፊት መሪዎች በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ፈተና አለ። ባለሙያው በተቀመጠበት ስልኩን ተቀብሎ «ዲገሉን ልዝራ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ረዳቱ በየትኛው ዓመት የተጻፈ ምክር እንደሚጠቅስና ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ደረሰ ከተናገረ ንግግሩ ሊቀጥል ይችላል። ዓመት ሳይጠራ ዝራ ካለ፣ ቋቱን የሚለቅመው ማን እንደ ሆነ እዚያው ይጠየቅ።