በጨረፍታ ማየትና አጣርቶ ማወቅ

ስለ እንስሳት መከታተያ የስልክ መተግበሪያዎች ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ዋጋና በኔትወርክ ላይ ያተኩራል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነሱ የማያንስ፣ ግን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ መተግበሪያው ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይታይ? አንዱ ወገን በአንድ ጨረፍታ የሚለይ ቀለምና ምልክት ብቻ ይበቃል ይላል። ሌላው ወገን የቤተሰብ ሀብት የሆነን እንስሳ በአንድ ነጥብና በአንድ ቀለም መግለጽ ባለቤቱን ያሳስታል ብሎ ይሰጋል። በሁለቱም በኩል ሥራውን የሚያውቁ፣ በቅንነት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን ከመጣል በፊት ጉዳዩን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ቦታ ይዞ ማሰብ ይረዳል። በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል የሚገኘውን ቢዮ አዋሌን እንውሰድ። በዚያ አካባቢ ገበሬው ማሽላ ይዘራል፣ ከዚያው ጋር ፍየልና በግ ያረባል፤ ወደ ቆላው ዝቅ ሲባል ግመሉ ይበዛል። በገጠሩ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራሉ፣ ከተማ ሲገባ አማርኛው ይጨመራል። ድሬዳዋ ለስልክ ቴክኖሎጂ እንግዳ አይደለችም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው እዚያው ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን መሬቱ ወጣ ገባ፣ ሸለቆውና ደረቅ የወንዝ ሸጡ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ስክሪኑን ማን፣ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደሚያየው ማሰብ አለበት።

የጨረፍታ ደጋፊዎች የሚነሱት ከዚህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስክሪኑን ታጨልመዋለች። እረኛው በአንድ እጁ ዱላ ይዟል፣ ዓይኑ መንጋው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መንጋውን የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ስልኩም ያለው አባት ወይም እናት ዘንድ ሊሆን ይችላል። በዚህ መካከል ደቃቅ ጽሑፍ፣ ሰንጠረዥና የሚከፈት የሚዘጋ ዝርዝር ማቅረብ ለተጠቃሚው አለመጨነቅ ነው ይላሉ። አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ የፍየል ሥዕል፣ ፍየሎቹ ከተለመደው ግጦሽ ካልወጡ አረንጓዴ፣ ከወጡ ቀይ፤ ሌላው ሁሉ ይቅር። ሦስት ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ ሥዕል ማንንም ወደ ጎን አይተውም የሚለው ክርክራቸውም ክብደት አለው።

ነባሩ ልማድም ይደግፋቸዋል። ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚደረገው የጎሳ ምልክት ከሩቅ ታይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን ለመከላከል በሚደረግ የክትባት ዘመቻ ላይም የተከተበውን እንስሳ ጆሮ ጫፍ ቆረጥ አድርጎ መለየት የታወቀ አሠራር ነው። ሁለቱም ያለ ፊደል በጨረፍታ የሚነበቡ ናቸው። አርብቶ አደሩ በምልክት ማንበብን ከስልክ አልተማረም።

ይሁንና ይኸው ምሳሌ ለሌላውም ወገን ያገለግላል። የግመሉ ምልክት የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ግመሉ አሁን የት እንዳለ አይናገርም። ጆሮው ላይ ያለው ቁርጥ መከተቡን እንጂ የተከተበበትን ዓመት አይነግርም። ምልክት የሚታመነው የማይለወጥ ነገር ሲናገር ነው። እንስሳ ያለበት ቦታ ግን በየሰዓቱ ይለወጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹት ሰዎች ስጋት ከሞላ ጎደል ትክክል ይመስለኛል።

የመከታተያውን አሠራር ትንሽ ጠለቅ ብሎ ማየት ስጋቱን ያስረዳል። በፍየል አንገት ላይ የሚታሰር የጂፒኤስ መሣሪያ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት መቀበል አለበት። ያንን ካወቀ በኋላ ደግሞ መረጃውን ለባለቤቱ ስልክ የሚልክበት ኔትወርክ ይፈልጋል። ፍየሏ ሸለቆ ውስጥ ከገባች ወይ የመጀመሪያው ወይ ሁለተኛው ሊሳነው ይችላል። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅም መሣሪያው ሁልጊዜ አይልክም፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ብቻ ነው የሚነቃው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የምናየው ነጥብ ፍየሏ የነበረችበት ቦታ ነው። ያለችበት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። አረንጓዴው ክብ ግን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የመጣውንም ከትናንት የቀረውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ያቀርበዋል።

በውጭው ዓለም ውሻና ድመት ላይ የሚንጠለጠሉት ርካሽ መከታተያዎችም ከዚህ አያመልጡም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤርታግ የራሱ ጂፒኤስ የለውም፤ በብሉቱዝ የሚገኘው በአጠገቡ የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ሲያዩት ነው። ኩባንያው ራሱም ዕቃው ለቁልፍና ለሻንጣ እንጂ ለቤት እንስሳት ታስቦ እንዳልተሠራ ተናግሯል። ሰው በሚተራመስበት ከተማ ይሠራ ይሆናል፤ አይፎን የያዘ ሰው በማያልፍበት የግጦሽ መሬት ላይ ግን ነጥቡ መጨረሻ በታየበት ቦታ ተተክሎ ይቀራል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አፍሪስካውት ነው። ሥራው የጀመረው በአፋር ክልል፣ ከሳተላይት የተገኘ የግጦሽ ካርታ በወረቀት እየታተመ ለአርብቶ አደሩ በማደል ነበር። ኋላ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አርብቶ አደሮች የሚጠቀሙበት የስልክ መተግበሪያ ሆነ። ካርታው የግጦሹን ሁኔታ በቀለም ያሳያል፣ በየ10 ቀኑ ይታደሳል፤ ተጠቃሚዎችም በሽታ ወይም ግጭት ያለበትን ቦታ ለሌሎች ያመለክታሉ። ቀናትን ተጉዞ ሣር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በጨረፍታ ማየት የሰውንም የከብትንም ድካም እንደሚቀንስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።

ቢሆንም ከሳተላይት የሚለካ አረንጓዴነት በራሱ ሣር ማለት አይደለም። በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ የተስፋፋውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ መጤ ዛፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በበጋም አረንጓዴ ነው፤ ከብቱ ግን ቅጠሉን እምብዛም አይበላውም፣ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግም ሣሩን አጥፍቶ መተላለፊያ ያሳጣል። ከላይ ሲታይ ለምለም፣ ከሥር ሲገቡበት የማይረባ ቦታ ሊኖር ይችላል። ይህን የሚለየው በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው ነው።

አፋሮች ለዚህ ከስልክ በፊት የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ዳጉ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ወሬ መለዋወጥ ነው፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የታመመ ከብት፣ የተጣላ ሰው። ዳጉን ከተራ ወሬ የሚለየው ማጣራቱ ነው። ነጋሪው በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ከማን እንደሰማ፣ መቼም እንደሆነ ይጠየቃል። ሳይጣራ የተነገረ ዳጉ ነጋሪውን ያስወቅሳል። ጥንቃቄ የሚሹት ሰዎች ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አያገኙም፤ በዳጉ ውስጥ ዜናውና የዜናው ምንጭ ተለያይተው አይሄዱምና።

ለጨረፍታው ወገን ግን ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳጉ ጊዜ ይወስዳል፤ ቁጭ ብሎ መነጋገርን ይጠይቃል። ስልኩን የሚያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ፈጣን መልስ ነው፦ ተነስቼ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ? ምንጩን፣ ሰዓቱን፣ የስህተት መጠኑን፣ የባትሪውን ሁኔታ አንድ ገጽ ላይ ብናጭቅ ያ መልስ ይጠፋል። የማይነበብ እውነትም ለእረኛው ከሌለ እውነት አይሻለውም። በድምፅ ይሁን የሚሉ አሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው በቋንቋው ምክር እንዲሰማ አድርጓል፤ ማንበብም ስማርት ስልክም አይጠይቅም። ለምክር ድምፅ ጥሩ ነው። ለቦታ ግን ያስቸግራል፤ ፍየሏ ያለችበትን ሸለቆ በቃል ከማስረዳት በካርታ ማሳየት ይቀላል።

ሁሉንም መረጃ በአንድ ሚዛን ማየትም ልክ አይመስለኝም። የክትባት ቀንን ብንወስድ ጨረፍታው ያለ ብዙ ክርክር ያሸንፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። የቤት ጠባቂ ውሻ ክትባቱ ጊዜው አልፎ እንደሆነ በቀይ ምልክት ማሳየት ማንንም አያሳስትም፤ ቀኑ አንዴ በትክክል ከተመዘገበ አይለወጥም። የቦታና የግጦሽ መረጃ ግን በየጊዜው ያረጃል፤ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል።

ሌላም ቀላል የማይባል ነገር አለ። የመንጋ መገኛ በጨረፍታ ለባለቤቱ ሲታይ፣ ስልኩን ለያዘ ለማንም ሌላ ሰውም ይታያል። ጥሩ ግጦሽ ያለበትን ቦታ ለሁሉም ማሳወቅ ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው የግጭት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መረጃን ማካፈል የሚደግፉ ሰዎች ድርቅ ሲመጣ የሚያድነው መተጋገዝ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግመሉ የተሰረቀበት ሰው ደግሞ ቦታውን እንዳይታይበት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይህ ምርጫ የባለቤቱ እንዲሆን፣ ሲጀመርም ዝግ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ከሁለቱም ጋር የሚያስማማ ይመስላል።

እንግዲህ የማዘነብለው ወደ መካከለኛው መንገድ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሥዕልና አንድ ቀለም ብቻ ይኑረው፤ በዚህ የጨረፍታው ወገን ልክ ነው። ከዚያ ሥዕል ጋር ግን የመረጃው ዕድሜ በፍጹም እንዳይለይ። መረጃው ሲያረጅ ቀለሙ ይደብዝዝ፤ ከአንድ መጠን ካለፈ ወደ ግራጫ ይለወጥና ‹‹አይታወቅም›› ማለትን ይድፈር። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸገሩ ሰዎችም ቀለሙ ብቻውን አይበቃም፤ የቅርጽ ልዩነት ይጨመርበት። ምንጩን፣ ባትሪውንና የትናንቱን መንገድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሥዕሉን ነክቶ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይግባ።

ዕድሜውን የማሳየቱ መንገድ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልኩ በውጭው አቆጣጠር ‹‹9:00›› ሲል ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማለት ነው፤ የእኛን ሰዓት ለለመደ ሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት የጠፋችን ፍየል ለመፈለግ ሙሉ ቀን ያሳስታል። ከቁጥሩ ይልቅ የምትወጣ፣ መሃል ላይ የቆመች ወይም የምትጠልቅ ፀሐይ ብትሣል፣ ትናንት ከሆነ ደግሞ ጨረቃ ቢጨመር፣ ያለ ቋንቋም ያለ አቆጣጠርም ይነበባል። ይህ ሐሳብ በሁሉም ቦታ ይሠራል ብዬ አልከራከርም፤ ሊሞከር የሚገባው ግን ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ መተግበሪያ ለመሥራት ለምታስቡ ወጣቶች አንድ ነገር ልለምን። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ በወረቀት ሣሉት፤ በአፋርም የተጀመረው በወረቀት ነው። ከዚያ ቢዮ አዋሌ ወይም ሌላ ገጠር ቀበሌ ሄዳችሁ፣ ለአባቶችና እናቶች ብቻ ሳይሆን ከፍየሎቹ ጋር ለሚውሉት ልጆችም አሳዩት። ምንም ሳታስረዱ ስጡና የገባቸውን እነሱ ይንገሯችሁ። ‹‹ይህ የመቼ ነው?›› ብለው ከጠየቋችሁ ገጹን እንደገና ሣሉት።