ጋሪ የምትጎትተው እናት

ስለ ጦርነት የተደረሰ ቴያትር ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ፎክሮ የሚወጣ ጀግና፣ ወይም ለአገሩና ለእምነቱ የሚሞት ሰማዕት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ስለሞቱት ስለ አቡነ ጴጥሮስ እንኳ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»ን፣ ቆይቶም ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ደርሰዋል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ዓይነት የጦርነት ቴያትር ነው። የዚህኛው ባለታሪክ ነጋዴ ናት፤ ደንበኛዋም ወታደር ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ መጋረጃው ሲዘጋ አንድም አልቀረላትም።

ደራሲው ጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬኽት ነው። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በስዊድን ተቀምጦ «እናት ኩራዥና ልጆቿ» የተባለውን ቴያትር ጻፈ። ታሪኩን ያስቀመጠው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በአውሮጳ በተደረገው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ውስጥ ነው። አና ፊርሊንግ የምትባል ሴት ጫማ፣ መጠጥ፣ ቀበቶና ሸሚዝ የጫነ ጋሪ እየጎተተች ሠራዊቱን ትከተላለች። ጦርነቱ ካለ ትበላለች፤ ሰላም ከወረደ ዕቃዋ ይረክስባታል። ልጆቿን ግን ጦርነቱ እንዳይነካባት ትፈልጋለች። ቴያትሩ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች አንዲት ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ የሚወሰደው እናቲቱ በቀበቶ ዘለበት ዋጋ ስትከራከር ነው፤ ዞር ስትል መልማዩ ልጁን ይዞት ሄዷል። ሁለተኛው የሠራዊቱ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሣጥኑን በመደበቁ ሞት ይፈረድበታል፤ ጋሪዋን ሸጣ ልታስፈታው ትችል ነበር፤ ነገር ግን ዋጋ ለማስቀነስ ስትደራደር ጊዜው ያልፍና የተኩሱ ድምፅ ይሰማል። ሬሳውን አምጥተው «ታውቂዋለሽ?» ሲሏት አላውቀውም ትላለች፤ አውቀዋለሁ ካለች ራሷም ትጠፋለችና። ሦስተኛዋ ካትሪን ዲዳ ናት። እናቷ ለንግድ ከተማ በገባችበት ሌሊት ጠላት የተኛውን ሕዝብ ሊፈጅ ሲመጣ ታያለች። መጮኽ ስለማትችል ከበሮ ይዛ ጣሪያ ላይ ትወጣና ትመታለች፤ ተኩሰው እስኪጥሏት ድረስ ትመታለች። ከተማው ይነቃል። እናቲቱም ማልቀሷን አልቅሳ ጋሪዋን ብቻዋን ትጎትታለች፤ ሠራዊቱ እያለፈ ነውና።

ቴያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉት። አዲስ አበባ ከኢጣልያ እጅ ከወጣች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ገና ከተማይቱ አልገቡም ነበር። የአኦስታው መስፍን ወደ አምባላጌ አፈግፍጎ መሽጓል። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን ይዞ በወልድያና በቆቦ በኩል በሚያልፈው መንገድ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። እንግዲህ በዙሪክ መድረክ ላይ የሸራና የእንጨት ጋሪ በሚሽከረከርበት ሰሞን፣ በራያ ሜዳ ላይ እውነተኛው የጦር ጓዝ ይጓዝ ነበር።

በዙሪክ እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ቴሬዘ ጊዘ ናት። ሕዝቡ እጅግ ወደዳት፤ አለቀሰላትም። ጋዜጦችም የእናትን ልብ ጽናት አወደሱ። ሌላ ደራሲ ቢሆን ይህን ሰምቶ ደስ ባለው ነበር፤ ብሬኽት ግን ተበሳጨ። የፈለገው ተመልካቹ ለሴቲቱ እንዲያዝንላት ብቻ ሳይሆን፣ «ይህች ሴት ምን እያደረገች ነው?» ብሎ እንዲቆጣ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን እንደገና አረመው። በፊተኛው ጽሑፍ የቆሰሉትን ለመጠቅለል ሸሚዞቿን ራሷ ትሰጥ ነበር፤ በታረመው ግን ሸሚዙን እየተሟገተች በግድ ይወስዱባታል።

የታረመው ቴያትር ጥር 3 ቀን 1941 ዓ.ም. በፈራረሰችው በርሊን ታየ። እናቲቱን የተጫወተችው የደራሲው ሚስት ሄለነ ቫይግል ናት። ስለ እርሷ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የልጇን የሞት ተኩስ ስትሰማ አፏን በሰፊው ከፍታ ያለ አንዳች ድምፅ ጮኸች፤ ይህ ዝምታ በዓለም የቴያትር ታሪክ ውስጥ ስመ ጥር ሆኖ ቀርቷል። በመጨረሻም ካትሪንን እንዲቀብሩላት ለገበሬዎቹ ገንዘብ ስትከፍል፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ሳንቲም ቆጥራ አንዱን መልሳ ከተተችው። እኔ ከጩኸቱ ይልቅ ይህችን ሳንቲም አደንቃለሁ። ልጇን አጥታም ንግዱ ከእጇ አልወጣም!

ታዲያ በርሊንም አለቀሰች። ልጁን ወይም ባሏን በጦርነት ያጣ ሕዝብ በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ እንዴት አያለቅስ? ብሬኽት ማረሙን ቢያርም የተመልካቹን ዓይን ማረም አልቻለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1966ቱ አብዮት ጋር በተቀራረበ ጊዜ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህንኑ ቴያትር በውርስ ትርጉም «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ በአማርኛ አቀረበው። ጸጋዬ ሼክስፒርንና ሞልየርን አስቀድሞ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው ነው፤ የተወለደውም በዚያው አቡነ ጴጥሮስ በተገደሉበት በ1928 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስሙን ተመልከቱት። የጀርመኑ ስም ድፍረትን ያመለክታል፤ የአማርኛው ግን ለሐዘንተኛ «ጠንከር ይበሉ» እንደምንለው ያለ ነው። በአንድ ስም ውስጥ ማጽናናትም ምጸትም አለ። ኋላም በዩጋንዳ ሰዎች ወደ ሉጋንዳ መልሰው በካምፓላ አሳይተውታል፤ እነርሱም የእርስ በርስ ጦርነትን የሚያውቁ ናቸው።

ለእኛ ይህ ጨዋታ የባዕድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሠራዊት ሲዘምት እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋና ነጋዴዋ በኋላ ይከተሉት ነበር፤ በሰፈረበትም ገበያ ይቆም ነበር። ስንቱን ዘመቻ ያበሉት እነዚህ ሴቶች በቴያትራችን ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይጠራም።

እናንተ በቆቦ የምትማሩ ወይም በወረዳው ቢሮ መዝገብ የምታገላብጡ፣ የገበያውን ቀን ታውቁታላችሁ። ጅጉርቲና ደገሌት ማሽላ ይሰፈራል፤ ከዞብል ተራራ ማዶ ግመል ይመጣል፤ ከደጋው ገብስ ይወርዳል። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንሥቶ ጦርነት ወደዚያች ከተማ ገብቶ ወጣ፤ ሲቪሎችም ተገደሉ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አቅጣጫ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመውም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ የአማራ ክልል ተኩስ መስማቱን አላቆመም። ስለዚህ አንድ የተማሪዎች የድራማ ክበብ ይህን ጨዋታ በቆቦ ሊያሳይ ቢነሣ፣ «ቁስል መነካካት አይሆንም ወይ?» የሚል ሰው መኖሩ የማይቀር ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ልጅ የሞተባት እናት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ብታለቅስ ደራሲው ቢቆጣም ይቆጣ፤ ማልቀስ መብቷ ነው። ነገር ግን የመድረኳን እናት ቅድስት አድርጎ ማቅረብ አይገባም። በጦርነት ጊዜ እህል የደበቀውንም፣ በእጥፍ የሸጠውንም፣ ከዘረፋ የተረፈ ዕቃ በርካሽ የገዛውንም ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ምናልባትም ጎረቤቱ ነው። እንደዚሁም ያ ሰው ልጆቹን ለማብላት ብሎ እንዳደረገው ያውቃል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያሳይ ቴያትር ከአንድ ወገን ፉከራ ይልቅ ለቆቦ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወጪው ብዙ አይደለም። ትልቅ አዳራሽና የሐር መጋረጃ አይጠይቅም። ጋሪ በየመንገዱ አለ፤ ለአንድ ምሽት የሚያከራይ አይጠፋም። ለእናቲቱ ረጅም ንግግር የምታጠና ብርቱ ተዋናይት ያስፈልጋል፤ የቀበቶውን ክርክር ስትለማመድ አንድ የገበያ ቀን ሙሉ ከእህል ተራ ብትውል ከማናቸውም መምህር የበለጠ ትማራለች። ካትሪንን ለምትሆነው ግን የሚጠና ቃል የለም። ከበሮ መምታት የምትችል ልጅ ደግሞ በራያ ተፈልጋ አትታጣም።