የመድረክ ሰውና የዛር ፈረስ

አንባቢ ሆይ፤ በመድረክ ላይ የሚያለቅስ ተዋናይ አይተህ «ይህ ሰው በእውነት አዝኗልን?» ብለህ ራስህን ጠይቀህ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «እኔ» የምንለው ማን እንደ ሆነ የሚመረምር ስለ ሆነ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል።

የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዲድሮ፥ ከሞተ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830 በታተመው ድርሰቱ፥ ታላቅ ተዋናይ ሌላውን የሚያስለቅሰው ልቡ ሳይታወክ ነው ይላል። የሩሲያው የቴአትር መምህር ስታኒስላቭስኪ (1863-1938) በበኩሉ ተዋናይ የራሱን ስሜት ቀስቅሶ የሰውየውን ኑሮ ይኑር ብሎ አስተማረ፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን ተዋናዩ ራሱን እንዲስት አልፈቀደለትም። በሁለቱም ዘንድ በተዋናዩ ውስጥ አንድ ነቅቶ የሚጠብቅ ተመልካች አለ።

ተመልካቹ ቢተኛስ? የዚህን ነገር ምሳሌ በአገራችን በጎንደር እናገኛለን። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከአንድ የጥናት ጓድ ጋር መጥቶ፥ መልካም አየሁ ከሚባሉ የዛር አለቃ ዘንድ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ያየውን መዘገበ። ዛሩ በተለዋወጠ ቍጥር የሴትዮዋ ጠባይም ይለወጥ ነበር፤ አባ ዮሴፍ ሲሆኑ እንደ ካህን፥ አባ ቈስቍስ ሲሆኑ እንደ ጦረኛ ይሆናሉ። የተያዘው ሰው «የዛር ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ከወረደም በኋላ ፈረሱ «የሆነውን አላውቅም» ይላል።

ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ማታለል ነው ብሎ አልናቀውም። ዛሮቹን ሰው እያወጣ ከሚለብሳቸው አልባሳት ጋር አመሳሰላቸው፤ ሥርዓቱንም ሰዎች የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቴአትር ነው አለ።

ይህ ሁሉ አንተን ምን አገባህ? በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው በጨፋ ሮቢት የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ እንበል። ማለዳ ከእናቱ ጋር ቡና ሲጠጣ በኦሮምኛ ይቀልዳል። በገበያ ከነጋዴ ጋር በአማርኛ ይከራከራል። ከጠረጴዛው ኋላ በተቀመጠ ጊዜ ግን ድምፁ ይወፍራል፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡትን አዛውንት ቀና ብሎ ሳያይ «ነገ ይመለሱ» ይላል።

ይህ ወጣት ሐሰተኛ አይደለም። እናቱም፥ ገበያውም፥ መሥሪያ ቤቱም ከእርሱ ውስጥ ሌላ ሌላ ሰው ይጠራሉ። በእኛም ሁሉ እንዲሁ ነው። ጥፋቱ ልብሱን መልበሱ ሳይሆን መልበሱን መርሳቱ ነው። አዛውንቱን አንገላትቶ «እኔ ምን ላድርግ፤ ሥራው ነው» የሚል ሰው፥ «እኔ አይደለሁም፤ ዛሩ ነው» ከሚለው ፈረስ በምን ይለያል? እንዲያውም ፈረሱ ይሻላል፤ እርሱ ሲያምንበት ነው።

ስለዚህ፥ ወዳጄ፥ የሥራህን ጠባይ በሚገባ ልበስ፤ ዘመድና ባዳ ሳትለይ በእኩል እንድትፈርድ የሚረዳህ እርሱ ነው። ነገር ግን እንደ ጥሩ ተዋናይ በውስጥህ አንድ ዓይን ይንቃ። ማታ ስትተኛ በቀን የተናገርኸውን አስታውስና «ይህን ያለው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። «እኔ ነኝ» ለማለት ያፈርህበት ቃል ካለ፥ በማግሥቱ ያን ባለጉዳይ አስቀድመህ ጥራው።