«የዘር ነው» ብሎ ማለፍ

አንድ ታዳጊ ወፍሮ ሲታይ በየሠፈሩ የሚሰጠው ፍርድ «ተመችቶታል» የሚል ነው። ዓመታት አልፈው ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ ሲያነሣ ደግሞ «የዘር ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ» ይባላል። እኛ ይበልጥ የምንሰጋው ሁለተኛውን ነው፤ የሳይንስ ካባ ደርቦ ይመጣልና።

ኢንሱሊን የደም ስኳር ወደ ሴሎች እንዲገባ የሚያዝዝ ሆርሞን ነው። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስብ ሲከማች ሴሎቹ ትእዛዙን መቋቋም ይጀምራሉ። በጉርምስና ወቅት ቀጭንና ጤነኛ ልጅ እንኳ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይመለሳል። ወፍራም ታዳጊ ላይ ግን ሁለቱ ሸክሞች ይደራረባሉ። ያን ጊዜ ቆሽት የሚያደርገውን የኦምን ሕግ የተማረ ሁሉ ይገምተዋል፤ ተቃውሞው ሲጨምር ጅረቱ እንዳይቀንስ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1985 በቀረበ ስሌት መሠረት በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር (በሚሊሞል በሊትር) በኢንሱሊኑ (በማይክሮዩኒት በሚሊ ሊትር) ተባዝቶ ለ22.5 ይካፈላል። የሁለት ተማሪዎች ስኳር እኩል 5 ሆኖ የአንዱ ኢንሱሊን 4.5፣ የሌላው 18 ቢሆን ውጤታቸው 1 እና 4 ይሆናል። ስኳር ብቻ የለካ ሁለቱንም «ደህና ናችሁ» ብሎ ያሰናብታቸዋል።

ዘር ድርሻ የለውም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ኤፍ ቲ ኦ የተባለውን ጂን አጋላጭ ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሱ አውሮፓውያን ጎልማሶች ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ግራም ያህል በልጠው ተገኝተዋል። ሦስት ኪሎ ግራም፣ ከዚያ አይበልጥም! በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ሆኑ። በ16 ዓመት የአንድ ሕዝብ ጂን አይለወጥም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ከኢትዮጵያ በፈለሱ ወጣት ጎልማሶች ዘንድ የስኳር በሽታ በርክቶ መገኘቱ በሕክምና መጽሔት ተዘገበ። የተሻገሩት ያንኑ ጂን ይዘው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነበር።

መልካ ጀብዱ ላይ ግን ሰው ሳይሰደድ አዲሱ ኑሮ ራሱ ወደ ሰው እየመጣ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለችው ይህች የገጠርና የከተማ መገናኛ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሎባታል። ፋብሪካ ደመወዝ ያመጣል፤ እሰየው። ደመወዝ ባጃጅንና ለስላሳ መጠጥን ያስከትላል፤ በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር አለ። በዚያ ላይ የድሬዳዋ ፀሐይ! ጥላ በሌለው ሜዳ እኩለ ቀን ላይ ሩጡ ማለት ቀልድ ነው።

በእኛ አስተያየት ለፋብሪካና ለመኖሪያ መሬት ሲሸነሸን የትምህርት ቤት ሜዳ አይነካ፤ ዙሪያውም ዛፍ ይተከልበት። የሳይንስ ክበባትም ለአንድ ሜትር የሚሆን ገንዘብ አያጡም። ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ የበለጠ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ልኬቱ ግን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይሁን።