መዳ ወላቡ ዓረብኛን ያስቀድም

የውጭ ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ መማር ምን ይጠቅማል ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ አስተርጓሚ ትሆናለህ፣ አስጎብኚ ትሆናለህ፣ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ታገኛለህ። ሐሰት አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በፓርኩ ደጃፍ ባለችው ዲንሾ ላይ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ የሚናገር አስጎብኚ እንጀራ አያጣም። እኛ ግን በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ለተመሠረተው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሚከብድ ምክንያት አለ እንላለን። ስለ ባሌ ከተጻፈው ውስጥ ብዙው የባሌ ተማሪ በማያነባቸው ቋንቋዎች ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚቀርበው ዓረብኛ ነው። ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮና በጊኒር በኩል ወደ ሼህ ሁሴን መቃብር፣ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን፣ የሚወስደው መንገድ በዚያራ (የጉብኝት ጉዞ) ወቅት በትር በያዙ መንገደኞች ይሞላል። መንገደኛው ሼኹን የሚያወድሰው በኦሮምኛ ነው። ገድላቸውን የሚተርከው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» ግን በዓረብኛ ተጽፎ በ1920ዎቹ ካይሮ ላይ የታተመ ነው። ዓረብኛ የሌለው የታሪክ ተማሪ ስለ ድሬ ሲጽፍ ሌላው አንብቦ የነገረውን ይደግማል። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ በስፋት ያጠናው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ነው፤ እናመሰግነዋለን፤ ግን ሥራውን የሚመረምር፣ ሲያስፈልግም የሚያርም ሰው ከሮቤ መውጣት አለበት።

ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ጋር ለሚታገል ተማሪ አራተኛ ቋንቋ መጨመር ጭነት ነው የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ትምህርቱ ለሁሉም ግዴታ ይሁን አንልም። ሆኖም ዓረብኛ በዚህ አካባቢ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ከጎሮ ወይም ከጎባ የሚመጣው ሙስሊም ተማሪ ብዙውን ጊዜ ፊደሉን በልጅነቱ ቁርአን ቤት ተምሮ ነው የሚመጣው፤ ሼህ ፊት ተቀምጦ ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) የጀመረም አይጠፋም። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ዓመት ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ብክነት አይገባም። በመግቢያ ላይ የደረጃ መለያ ፈተና ይሰጥ፤ ለሚያልፈው ክሬዲት ይያዝለት። ነህውና ሰርፍ (የቃላት እርባታ) ሲያስተምሩ የኖሩ ሼሆችም ዲግሪ የላቸውም ተብለው ከበር አይመለሱ፤ በተጋባዥ መምህርነት ይግቡ። የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅም ይማረው፤ የቋንቋ ትምህርት እንጂ የሃይማኖት ትምህርት አይደለምና።

ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚሄዱት እህቶቻችንም ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሥራ ውላቸውን የዓረብኛ ቅጂ አንብቦ የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ በባሌ ቢኖር ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ጀርመንኛ ይከተል። እዚህ ላይ ግን ግነት አያስፈልግም። በባሌ ተራሮች ከ3,400 ሜትር በላይ ያለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት የሰው መኖሪያ እንደነበረ ያሳየው ጥናት የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠሩት ነው፤ የታተመው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ነው። ለተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ ይበቃል። ጀርመንኛ የሚያስፈልገው ለቆየው ጽሑፍ ነው። አይከ ሀበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቦረና፣ ጉጂና አርሲ ኦሮሞ ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በጀርመንኛ ነው የተጻፈው፤ ርዕሱ ላይ ያለው የሕዝቡ መጠሪያ ዛሬ ስድብ ነው። የገዳን ሥርዓት የሚያጠና ተማሪ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ ሊቀበለው ወይም ሊሞግተው ይገባል።

አቋማችን ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስላስተማረ ብቻ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ ይከፈት ከሚባል፣ መዳ ወላቡ ዓረብኛን ለታሪክ፣ ለሕግና ለቱሪዝም ተማሪዎች በምርጫ ይጀምር፤ መምህርና ተማሪ ሲበረክት ወደ ዲግሪ ያሳድገው። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የመመረቂያ ሥራም በሮቤ፣ በጎባና በጎሮ በየሼሆቹ ቤት ያሉትን ኪታቦች (መጻሕፍት) መመዝገብ ይሁን፤ ኪታቦቹ ከባለቤቶቻቸው ቤት ሳይወጡ፣ በፈቃዳቸው ፎቶ እየተነሡ፣ የፎቶው አንድ ቅጂም ለቤተሰቡ እየቀረ።