መንገዱ በሕግ ክፍት ነው፤ የዘጋነው እኛው ነን



ሰሞኑን የለጠፍኳቸውን የሳይክል ፎቶዎች አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ከአገር ቤት የጻፋችሁ "ያ ነጭ መንገድ የት ነው?" ነው ያላችሁት። እዚሁ እንግሊዝ የምትኖሩት ግን ጥያቄያችሁ ሌላ ነው፦ "ማን አስገባህ?" "ባለመሬቱ ዝም ይልሃል?" "ውሻ አይለቅብህም?" ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ የተነሳ ነው። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በአገሩ የኖረ፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጆቹን እዚህ የወለደ ሰው "ማን አስገባህ?" ብሎ ሲጠይቅ ነገሩ ከሳይክል በላይ ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ ማንም አላስገባኝም፣ ሕጉ ነው የሚያስገባኝ።

የእንግሊዝ ገጠር አብዛኛው የግል መሬት ነው፤ አጥር አለው፣ በር አለው። ግን በዚያ የግል መሬት ውስጥ የሕዝብ መንገድ ያልፋል። ርዝመቱ በእንግሊዝ ብቻ ሲደመር 188,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለመሬቱ መሬቱን ቢሸጥም ቢያወርስም መንገዱ እዚያው ይቆያል። ሊዘጋውም፣ ሊያስከፍልበትም አይችልም።

መንገዶቹ ግን እኩል አይደሉም። ፉትፓዝ የሚሉት ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ቢጫ ቀስት ነው። ብራይድልዌይ ደግሞ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለሳይክል ነው፤ ቀስቱ ሰማያዊ ነው። ባይዌይ የሚባሉትም አሉ፣ ቀስታቸው ሐምራዊ ወይም ቀይ ነው፤ እነሱም ለሳይክል ክፍት ናቸው። ሳይክል በብራይድልዌይ እንዲሄድ የተፈቀደው በ1968 በወጣ ሕግ ነው፤ አንድ ግዴታ ግን አለበት፦ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት። እኔ የምወደው ይህን ግዴታ ነው። ፈረስ ከፊታችሁ ሲመጣ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፣ ከኋላ ከሆናችሁ ድምፅ ታሰማላችሁ፣ ካስፈለገ ትቆማላችሁ። የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። እኛ ደሞ "እንደምን ዋላችሁ" ሳይል መንገደኛን የማያልፍ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ይህ ሥርዓት ለእኛ አዲስ አይደለም።

ግራቭል ባይክ የሚሉት ዋና ሥራው እንዲህ ዓይነት መንገድ ነው። በእኛ ቋንቋ የኮረኮንች ሳይክል ማለት ነው፤ ጎማው ከአስፋልቱ ሳይክል ወፈር ያለ፣ ከተራራው ሳይክል ቀጠን ያለ። ሱቅ ገብታችሁ ዋጋውን ስታዩ እንዳትደነግጡ። ወፈር ያለ ጎማና ደህና ፍሬን ያለው ያገለገለ ሳይክል ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። መንገዱ የሳይክሉን ስም አይጠይቅም።

ከየት ይጀመር? ያ ነጩ መንገድ ሪጅዌይ ይባላል። ከኤቭበሪ አጠገብ ካለው ከኦቨርተን ሂል ተነስቶ 139 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከመነሻው እስከ ስትሪትሊ ያለው ግማሹ ያህል ለሳይክል ክፍት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ብዙ ቦታ የእግረኛ ስለሆነ ቀስቱን ማየት ያስፈልጋል። እኔ የምኖረው ሬዲንግ ስለሆነ ሳይክሌን ባቡር ላይ ጭኜ ጎሪንግ እወርዳለሁ፣ ወንዙን ተሻግሬ ስትሪትሊ እገባለሁ፣ ከዚያ ዳገት ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ይሻላል፤ በሥራ ሰዓት ባቡሩ ሲጨናነቅ ሳይክል አያስገቡም።

ዳገቱ ካለቀ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሥር ያለው ድንጋይ ጠመኔ ነው። ስንት ዓመት በጠመኔ የጻፈ ሰው ጠመኔ ላይ ሲሄድ የሚሰማውን መምህራን ጓደኞቼ ትረዱኛላችሁ። በስተግራም በስተቀኝም እርሻና የበግ ግጦሽ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ መኪና አይሰማም። ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ኮረብታ ላይ የተቀረጸው የአፊንግተን ነጭ ፈረስ አለ፤ 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ትንሽ አለፍ ብሎ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ መቃብር አለ። መግቢያ አይከፈልም፣ ዘበኛ የለም። ማስጠንቀቂያ፦ ዝናብ ከዘነበ ጠመኔው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በመሃሉ ያለው ባልጩት ደሞ ጎማ ይበሳል። ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ሳትይዙ አትውጡ።

ሰሜን ያላችሁ፣ ማንቸስተርና ሼፊልድ ማለቴ ነው፣ ሞንሳል ትሬል አላችሁ። በ1968 የተዘጋ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ አሁን 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ደልዳላ መንገድ ሆኗል፣ ዋሻዎቹም መብራት አላቸው። የባቡር መንገድ ስለነበረ ከባድ ዳገት የለውም፣ ለልጆች ይመቻል። የራሱ ሳይክል ለሌለው ኪራይም አለ። ጉልበት ያላችሁ ደሞ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን 160 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ሳውዝ ዳውንስ ዌይ ሞክሩ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። "እዚያ ያለው ነጭ ብቻ ነው፣ አፍጥጠው ያዩናል" የሚለውን ሰምቻለሁ። አልዋሽም፣ ያያሉ። አንዴ አንድ ሽማግሌ አስቁመውኝ "ጠፍቶብህ ነው?" አሉኝ። በሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀስት አሳየኋቸው። ሳቁ፣ ቀጥሎ ያለው መንደር ውስጥ ሻይ የት እንደሚገኝ ነገሩኝ። ሁሉም ሰው እንደሳቸው ነው አልልም። ግን መብቱ ያለው ቀስቱ ላይ ነው፤ በሰው ፊት ላይ አይደለም።

ይህ መብት ደሞ ከሰማይ የወረደ አይምሰላችሁ። በሚያዝያ 1932 (በነሱ ኤፕሪል 24) የማንቸስተር ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የሚባለውን የተከለለ ተራራ በጅምላ ወጡት። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ከሩማንያ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። ያን ቀን ፖሊስ ባቡር ጣቢያ እየጠበቀው ስለነበር የሄደው በምን ይመስላችኋል? በሳይክል! አምስት ወጣቶች ታሰሩ፣ እሱም አራት ወር ተፈረደበት። በ1949 የየአካባቢው ምክር ቤት የሕዝብ መንገዶችን በካርታ እንዲመዘግብ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የስደተኛ ልጅ የታሰረበትን ነገር፣ እኛ ስደተኞች "ለኛ አይሆንም" ብለን መተዋችን ያሳዝነኛል።

ሥራውም ገና አላለቀም። ለሳይክል የተፈቀደው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ምዝገባው በየፓሪሹ፣ በኛ አነጋገር በየቀበሌው ስለተሠራ አንዳንድ ቦታ ሰማያዊው ቀስት ድንበር ላይ ይቆምና ያው መንገድ ማዶ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ወርዳችሁ ዞራችሁ መሄድ ነው። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣው ሕግ ለሳይክል እጅግ ሰፋ ያለ መብት ሰጥቷል። እንግሊዝስ ለምን አይሆንም? እኔ ይስፋ ከሚሉት ወገን ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ልጥቀስና ላብቃ። በ1980 በወጣው የመንገድ ሕግ መሠረት፣ ሕዝብ አንድን መንገድ ሃያ ዓመት በግልጽ፣ ያለ ጉልበትና ያለ ልዩ ፈቃድ ከተጠቀመበት፣ ባለመሬቱ የሕዝብ ላድርገው አላልኩም ብሎ ካላስረዳ በቀር፣ የሕዝብ መንገድ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ልጆች፣ ካርታ ንባብ ስናስተምር መንገድ የሚሠራው መንግሥት ነው ብለን ነበር የምናልፈው። ለካ እግርና ጎማም መንገድ ይሠራሉ። የማይጠቀም ሰው ግን ስለ መንገዱ ምክር ቤት ሲመክር ድምፅ የለውም።

ስለዚህ እንግሊዝ ያላችሁ፣ የአካባቢያችሁን 1 ለ 25,000 ካርታ ግዙ፤ ብርቱካን ልባስ ያለው ነው። ረዘም ያለውን አረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ፈልጉ፣ እሱ ብራይድልዌይ ነው። አንዱን ምረጡ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በዚህ ወር መጨረሻ እሑድ ከጎሪንግ የሚነሳ አጭር ጉዞ አስቤያለሁ፤ መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዳቦ ቆሎ የሚይዝ ሰው ቅድሚያ አለው።