የሚተነውን እናስቀር

የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች ሆይ! ከጉና ተራራ እስከ ዓባይና በሽሎ ቆላ የተዘረጋው ማሳ በእጃችን ያለ አደራ ነው። አባቶቻችን አርሰውታል፤ እናቶቻችን አርመውታል፤ ጎርፉ ደግሞ በየክረምቱ ጠርጎታል። ከጎርፉ ጋር ለመታገል እርከን ሲሠራ እያየን፣ ድንጋይም እያቀበልን አድገናል።

ዓይናችን የማያየው ኪሳራ ግን ሌላ ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ወላጆቻችን በግ ሸጠው፣ ተበድረው የገዙት ነው። ያ ዩሪያ መሬት ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል፤ ከናይትሮጅኑም ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ሙቀቱና ነፋሱ ሲበረታ ብክነቱም ይበረታል። ዕዳው ቤት ይቀራል፤ ማዳበሪያው አየር ላይ ይሄዳል።

ይህን ስውር ብክነት መከታተያ ዘዴ አለ። ናይትሮጅን ቀላልና ከባድ አይሶቶፕ አለው፤ ናይትሮጅን-14 እና ናይትሮጅን-15። በአየር ውስጥ ካሉ 1000 የናይትሮጅን አቶሞች ከባዶቹ 4 እንኳ አይሞሉም። አሞኒያ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፤ ከባዱ በአፈር ውስጥ ይበረክታል፤ በዚህም የብክነቱ ፍንጭ ይገኛል። ማዳበሪያውን በከባዱ ናይትሮጅን ምልክት አድርጎ ሰብሉ የወሰደውንና የጠፋውን መለየትም ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ዘርፍ ይሠራል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር ልጆች ይህን ዕውቀት ለሀገራችን ማሳ እናውለው! የመመረቂያ ጥናታችን መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ ወደ ገበሬው ይመለስ!

ሌላው ብክነት ደግሞ የኩበቱ ነው። ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ሲነድ፣ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። እናቶቻችንን ግን አንውቀስ፤ ማገዶ አጥተው ነው። የማገዶ ዛፍ መትከል የእኛ ዕዳ ነው፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ የእኛ ዕዳ ነው፤ ፍጉን ለአፈሩ መመለስ የእኛ ዕዳ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት የተራቆተ መሬት ተረክበው እንዳይሰደዱ፣ ሸክሙን ዛሬ እንሸከም!

እንግዲህ በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ፣ የበቆሎውንና የድንቹን ዩሪያ ከወላጆቻችን ጋር አፈር እናልብሰው፤ የጤፉን ዝናብ ሊጥል ሲል እንበትነው። ኑ፣ ከየራሳችን ማሳ እንጀምር!